ሰው ለምን እንደዚያ አደረገ? ስም ከማውጣታችሁ በፊት የምትሄዱበት መንገድ

አምና ክረምት ላይ ጎረቤታችን የሆኑ አንድ እናት ቡና መምጣት አቆሙ። እኛ ሰፈር፣ ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር፣ ቡና ቀልድ አይደለም። አራት ቤት ነን፣ በተራ እናፈላለን፣ በረካ ሳይደርስ የሚነሳ ሰው የለም። እኚህ ሴት ግን ድንገት ቀሩ። አንድ ቀን ራሴን አመመኝ አሉ። ሌላ ቀን እንግዳ አለብኝ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ልጅ ልከን ስናስጠራቸው «ጠጥቻለሁ በላቸው» ብለው መለሱት።

ከዚያማ ወሬው ተጀመረ። አንዷ «ኮርተዋል» አለች። ሌላዋ «የሆነ ነገር ሰምተው ነው» አለች። እኔ ከሁሉም ብሼ «ልጃቸው ውጭ ከሄደ ወዲህ እኮ ተለውጠዋል» አልኩ። አፌን ሞልቼ። ፒያሳ ትንሽ የልብስ ሱቅ አለኝ፣ ቀኑን ሙሉ ሰው ሳይ ነው የምውለው፣ ስለዚህ ሰው አውቃለሁ ባይ ነበርኩ።

ተሳስቼ ነበር። እንዴት እንደተሳሳትኩ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን ሳይኮሎጂ ስለ ሰው ጠባይ ምን ይላል ብዬ ማንበብ ጀመርኩ፤ ያነበብኩትንም ሱቅ ውስጥ፣ ታክሲ ላይ፣ ቅሬ (ሌላው አገር እድር የሚለው) ላይ ሞከርኩት። የሠራልኝን በቅደም ተከተል ላስቀምጠው። ፊት አይቶ ሆድ ማወቅ የሚባለውን ጥበብ ግን ከእኔ አትጠብቁ። የለኝም።

1. መጀመሪያ ያያችሁትን ብቻ ጻፉ

የስልካችሁ ማስታወሻ ይበቃል። ሁለት ቦታ ክፈሉት፤ አንዱ «ያየሁት»፣ ሌላው «ያልኩት»። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ነገሩ በካሜራ ቢቀረጽ ይታይ ነበር? «ኮርተዋል» አይቀረጽም። «ሦስት ሳምንት አልመጡም» ይቀረጻል። «ናቀኝ» አይቀረጽም። «ሳወራው ስልኩን ይነካካ ነበር» ይቀረጻል።

ስለ ጎረቤቴ በዚህ መንገድ ብጽፍ ኖሮ ምን ይወጣኝ ነበር? ሦስት ሳምንት ቡና ላይ የሉም። በር ላይ ስንገናኝ ግን ቆመው፣ የእናቴን ጤና ጠይቀው፣ ጉንጬን ስመው ነው የሚያልፉት። የልጅ ልጃቸው እንደድሮው እኛ ግቢ ሲጫወት ይውላል። የኮራ ሰው እንዲህ ያደርጋል? ነገሩ ተጽፎ ባየው ኖሮ እዚያው ላይ እጠራጠር ነበር። እኔ ግን የያዝኩት አንድ ቃል ብቻ ነበር፣ እሱም የራሴ ቃል።

ይሄ ደረጃ አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ከዘለላችሁት ግን የሚቀጥሉት ሁሉ በግምት ላይ ግምት መቆለል ይሆናሉ።

2. ከሰውዬው በፊት ያለበትን ሁኔታ እዩ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙው ስህተታችን ያለው እዚህ ነው።

ጆን ዳርሊና ዳንኤል ባትሰን እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት ጥናት አለ። አሜሪካ፣ ፕሪንስተን ያሉ የነገረ መለኮት ተማሪዎችን ነው የፈተኑት። ተማሪዎቹን አንድ ሕንፃ ውስጥ ካነጋገሯቸው በኋላ ወደ ሌላ ሕንፃ ሄዳችሁ አጭር ንግግር አድርጉ አሏቸው። ገሚሶቹ እንዲናገሩ የታዘዙት ስለ ደጉ ሳምራዊ ነው። መንገዳቸው ላይ ደግሞ አንድ ሰው በር ሥር ተኮራምቶ እያሳለ ያቃስታል። ማን ቆሞ ይረዳዋል? ጊዜ አላችሁ ከተባሉት ውስጥ 63 በመቶው ቆሙ። ሰዓቱ ደርሷል ከተባሉት 45 በመቶው። ዘግይታችኋል፣ ቶሎ በሉ ከተባሉት ግን 10 በመቶው ብቻ። ስለ ደጉ ሳምራዊ ሊሰብክ እየሮጠ፣ መንገድ ላይ የወደቀውን ሰው አልፎት የሄደ አለ ማለት ነው። ልዩነቱን ያመጣው ክፋት አልነበረም። ሰዓት ነው።

ሊ ሮስ የሚባል ሳይኮሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1977 ለዚህ ዓይነቱ ስህተታችን ስም አወጣለት። ሌላው ሰው ያደረገውን ሁሉ ከጠባዩ ነው እንላለን፤ ያለበትን ሁኔታ ግን አናይም። ለራሳችን ሲሆን ምክንያት አናጣም። እኔ ከኮምቦልቻ ዘግይቼ ስመጣ ሐረጎ ላይ መኪና ተበላሽቶ መንገድ ተዘግቶ ነው። የምጠብቀው ሰው ሲዘገይ ግን ቀጠሮ የማያከብር፣ ግዴለሽ ነው። መንገዱ እኮ አንድ መንገድ ነው!

እንዴት ትለማመዱታላችሁ? ሰውን በጠባዩ ልትጠሩት ስትሉ፣ «ስግብግብ»፣ «ባለጌ»፣ «ሰነፍ» ከማለታችሁ በፊት፣ ከጠባይ ውጭ የሆኑ ሦስት ምክንያቶች ፈልጉ። እኔ የምፈልገው እዚህ ውስጥ ነው፦ እንቅልፍ፣ ረሃብ፣ ገንዘብ፣ ጥድፊያ፣ ሕመም፣ አጠገቡ ያለ ሰው። ረሃብን በተለይ አትናቁት። ወሎ ውስጥ ግማሹ ሲያፈጥር ግማሹ ሲጾም ዓመቱ ያልቃል፤ እኔ በረመዳን መግሪብ ሊል ግማሽ ሰዓት ሲቀረው፣ በሁዳዴ ደግሞ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ዋጋ አልከራከርም። ደንበኛዬም ሆነ እኔ ያን ሰዓት ራሳችንን አይደለንም።

አንዳንዱ ሁኔታ ደግሞ በዓይን አይታይም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ከገባ ወዲህ ድንገተኛ ድምፅ የሚያስደነግጠው ሰው በዝቷል። አንድ ቀን ከሱቄ ፊት ለፊት የመኪና ጎማ ፈነዳ። አንድ ትልቅ ሰው፣ ሱፍ የለበሱ፣ መሬት ላይ ቁጢጥ አሉ። ሁለት ጎረምሶች ሳቁ። ሰውዬው ተነስተው አቧራቸውን አራገፉና ማንንም ሳያዩ ሄዱ። ጎረምሶቹ ያዩት ፈሪ ሽማግሌ ነው። ሰውዬው ያን ጊዜ የት እንደነበሩ፣ ምን እንዳዩ ማን ጠየቀ?

3. ነገሩ ስለ እናንተ ላይሆን ይችላል

አጭር ናት ይቺ። ቶማስ ጊሎቪችና ባልደረቦቹ ተማሪዎችን የሚያሳፍር ሥዕል ያለበት ቲሸርት አልብሰው ሰው ወዳለበት ክፍል አስገቧቸው። ለባሾቹ ከክፍሉ ሰው ግማሽ ያህሉ ሥዕሉን እንዳየው ገመቱ። በእውነት ያስተዋለው ሩብ ያህሉ ነበር። ሰው በራሱ ጉዳይ ተጠምዷል። «ሰላም ስለው ዘጋኝ» ያላችሁት ሰው ምናልባት የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ እያሰላ ነበር። ጆሮው የት እንዳለ እሱም አያውቅ።

4. ሰውን ከራሱ ጋር አወዳድሩ

ዓይኑን ሰበረ፣ ዋሸ። እጁን አጣመረ፣ ደበቀ። እንዲህ የሚሉ የቲክቶክ ቪዲዮዎች መዓት ናቸው። አትመኗቸው። ቻርለስ ቦንድና ቤላ ዴፓውሎ እ.ኤ.አ. በ2006 በጣም ብዙ ጥናቶችን ሰብስበው ሲያዩ፣ ሰው ውሸትን ከእውነት ለይቶ የሚያገኘው በአማካይ 54 በመቶ ያህሉን ነው። ሳንቲም ብትወረውሩ 50 ታገኛላችሁ።

ደግሞ እኛ አገር ትልቅ ሰው ፊት ዓይኑን ሰበር ያላደረገ ልጅ ነው ጉድ የሚባለው። ያ አክብሮት ነው። ስለዚህ ሰውን ከሆነ የተጻፈ ምልክት ጋር ሳይሆን ከትናንትናው እሱ ጋር አስተያዩት። ሁሌ ዝምተኛ የሆነ ሰው ዛሬም ዝም ቢል ምንም ማለት አይደለም። ሁሌ የሚቀልደው ዝም ሲል ነው ጆሮ መስጠት። እንዲያም ሆኖ ለውጡ የሚነግራችሁ «የሆነ ነገር አለ» የሚለውን ብቻ ነው። ምን እንደሆነ አይነግራችሁም።

5. ማን እያየው ነው ብላችሁ ጠይቁ

ይሉኝታን ያላሰበ ሰው እኛን አያውቀንም።

ቅሬያችን ስብሰባ ላይ የወር መዋጮ ይጨመር የሚል ሐሳብ ቀረበ። የቅሬው መሪ፣ ዳኛው፣ «ምን ትላላችሁ?» አሉ። ፀጥ። አንድ ትልቅ ሰው «ጥሩ ነው» አሉ። ከዚያ «ጥሩ ነው»፣ «እንስማማለን»፣ «ደግ ሐሳብ ነው» ዙሪያውን ዞረ። ጸደቀ። ስንወጣ ከበሩ አሥር እርምጃ ሳንርቅ ከፊቴ የሚሄዱት ሁለት ሰዎች «ከየት አምጥተን ልንከፍል ነው?» ይባባላሉ። ከኋላዬም እንደዚያው። ሁሉም ብቻውን የተቃወመ መስሎት ነበር።

እነዚህን ሰዎች አስመሳይ ማለት ይቀላል። ግን ሰለሞን አሽ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ያሳየውን ስሙ። ሰዎችን ሰብስቦ የመስመር ርዝመት አስለካቸው፤ የትኛው እንደሚረዝም ሕፃን የሚያየው ነገር ነው። ነገር ግን ከአንዱ በስተቀር ሌሎቹ ሆን ብለው የተሳሳተ መልስ እንዲሰጡ አስቀድመው ተነግሯቸዋል። ያ አንዱ ሰው ከመልሶቹ ሲሶ ያህሉን ከብዙኃኑ ጋር ተሳሳተ። ሦስት አራተኛ ገደማ የሚሆኑት ተፈታኞች ቢያንስ አንድ ጊዜ ተከትለዋል። እነዚህ ሰዎች እኮ አይተዋወቁም፣ ነገ ለቅሶ ላይ አይገናኙም! እኛ ግን ስንሞት የሚቀብረን ያው ቅሬው ነው።

አሽ ሌላም ነገር አገኘ። አንድ ሰው ብቻ እውነቱን ሲናገር፣ የዚያ ተፈታኝ መሳሳት በጣም ቀነሰ። አንድ ሰው ይበቃል።

እንግዲህ ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ሰው በሰው ፊት ያለውን እንደ ልቡ ቃል አትያዙት፤ የልቡን ከፈለጋችሁ መንገድ ላይ፣ ብቻውን፣ ጎን ለጎን ስትሄዱ ጠይቁት። ሽምግልና የተቀመጡ ሰዎች ባለጉዳዮችን ለየብቻ የሚያነጋግሩት ወደው አይደለም። ሁለተኛ፣ ስብሰባ ላይ የማትስማሙበት ነገር ካለ ቀስ ብላችሁ፣ ማንንም ሳትነኩ፣ ቀድማችሁ ተናገሩ። በቀጣዩ ስብሰባ እኔ «ሐሳቡ ደግ ነው፣ ግን አቅም የሌለው ቤት ምን ያድርግ?» ብዬ ነበር። ድምፄ እየተንቀጠቀጠ። ከእኔ ቀጥሎ አምስት ሰው ተናገረ። መዋጮው በግማሽ ቀነሰ።

6. የምትሉት ሁሉ የገባ እንዳይመስላችሁ

ይቺን ዛሬ ማታ ቤት ሞክሯት። አንድ የምትወዱትን ዜማ በልባችሁ እያዜማችሁ ምቱን ብቻ በጣታችሁ ጠረጴዛ ላይ ምቱ። ወሎዬ ከሆናችሁ ባቲን ወይ አምባሰልን ምረጡ፣ አገራችሁ የሰጠው ቅኝት ነው። ከዚያ አጠገባችሁ ያለው ሰው ዘፈኑን ይገምት።

እ.ኤ.አ. በ1990 ኤልዛቤት ኒውተን ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይህንኑ አድርጋለች። መቺዎቹ ሰሚው ግማሹን ያገኘዋል ብለው ገምተው ነበር። ከ120 ዘፈን የተገኘው 3 ብቻ ነው። መቺው ዜማው በጆሮው ይሰማዋላ! ሰሚው የሚሰማው ኳ ኳ ኳ ነው።

እኛ ደግሞ በሰምና ወርቅ ያደግን ሰዎች ነን፤ ነገር በቀጥታ መናገር ያሳፍረናል። እናቴ «ዛሬ እንጀራው አለቀ መሰለኝ» ስትል ሂጂና ጤፉን አስፈጪ ማለቷ ነው። ለሃያ ዓመት ስለሰማኋት ይገባኛል። ወንድሜ ያገባት የአዲስ አበባ ልጅ ግን «እሺ፣ ዳቦ እንበላለን» አለች። እናቴ ሁለት ቀን አኮረፈች። ልጅቷ እስከዛሬ ጥፋቷን አታውቅም።

እንግድነትም ላይ እንዲሁ ነው። እኛ ዘንድ የመጀመሪያው «ጠግቤያለሁ» ጨዋነት ነው። ሁለተኛው ማረጋገጫ። በሞቴ ተብሎ ከተለመነ በኋላ ሦስተኛው ነው እውነተኛው። አዲስ አበባ አክስቴ ቤት የሄድኩ ጊዜ አንዴ ጠግቤያለሁ ብል ሰፌዱን አነሱት፤ በረሃብ ተኛሁ። ማንም አልበደለኝም፣ የተለያየ ዜማ እየሰማን ነበር። ስለዚህ ሰው አልገባኝ ሲል «ሆን ብሎ ነው» ከማለታችሁ በፊት በአፋችሁ ምን ቃል እንዳወጣችሁ አስታውሱ። የተነገረው ኳ ኳ ብቻ ከሆነ እንደገና፣ በግልጽ፣ በለሰለሰ አንደበት ንገሩት።

7. ግምታችሁን የሚያፈርሰውን ፈልጉ

ፒተር ዌሰን እ.ኤ.አ. በ1960 ለሰዎች 2፣ 4፣ 6 የሚሉ ቁጥሮች ሰጠና ደንቡን አግኙ አላቸው። ሌላ ሦስት ሦስት ቁጥር እያመጡ ይጠይቁታል፣ እሱ ከደንቡ ጋር ይሄዳል ወይም አይሄድም ይላል። ብዙዎቹ በሁለት በሁለት የሚጨምር መስሏቸው 8፣ 10፣ 12 ዓይነቱን ብቻ እያመጡ «ይሄዳል» ሲባሉ ተደሰቱ። ደንቡ ግን «እየጨመረ የሚሄድ ቁጥር» ብቻ ነበር። 1፣ 2፣ 3 ብለው ቢሞክሩ ኖሮ ግምታቸው ወዲያው ይፈርስ ነበር።

እኔም ጎረቤቴን ኮርተዋል ካልኩ በኋላ ያየሁት የኩራታቸውን ምልክት ብቻ ነው። አዲስ ነጠላ ለበሱ፣ ያው! ቀና ብለው ሄዱ፣ ያው! ግምት ስትጽፉ ሁለት ሌላ ግምት አጠገቡ አስቀምጡ፣ አንዱ ለሰውዬው የሚያደላ ይሁን። ከዚያ «ተሳስቼ ከሆነ ምን ማየት ነበረብኝ?» በሉ። የእኔ ማስታወሻ ላይ እስካሁን አሥራ አንድ ግምት አለ። ሰባቱ ስህተት ሆነው ተገኝተዋል። መጀመሪያ አፈርኩ፣ አሁን ያስቀኛል።

ላልፈው የማልችለው ሌላም ነገር አለ። የሚማታን፣ የሚያስፈራራን፣ ደጋግሞ የሚያታልልን ሰው ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ ማወቅ አብሮ ለመኖር አያስገድድም። መጀመሪያ ራቁ፣ ከዚያ ተረዱ። ደግሞም አንድ ሰው ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ እንቅልፍና ምግብ ከተበላሸበት፣ የሚወደው ነገር ሁሉ ካስጠላው፣ ወይም አንድ ጊዜም ቢሆን ስለ መሞት ካወራ፣ ይሄ የእናንተ ግምት የሚፈታው አይደለም፤ ይዛችሁት ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ጠበልም ዱዓም የሚከለክለው የለም፣ አብሮ ይሄዳል።

8. ጠይቁ፣ ግን «ለምን» አትበሉ

«ለምን ቀሩ?» ፖሊስ ጣቢያ ነው። ሰውን ራሱን ወደ መከላከል ይገፋዋል። ያያችሁትን ተናገሩ፣ ምን እንደተሰማችሁ ጨምሩ፣ ከዚያ ዝም በሉ። ዝምታው ከባድ ነው፤ አትሙሉት። ፊት ለፊትም አትቀመጡ። እጃችሁ ሥራ ይያዝ።

ወደ ጎረቤቴ የሄድኩት በአራተኛው ሳምንት ነው። ደጃፋቸው ላይ ምስር ሲለቅሙ አገኘኋቸው። ሰፌዱን ወደ እኔ ሳብ አድርጌ አብሬ መልቀም ጀመርኩ።

«እትዬ፣ ቡና ላይ ከጠፉ ወር ሊሞላ ነው። ቅር ብሎኝ ነው የመጣሁ።»

«አይ የኔ ልጅ፣ ምን ሆኜ። ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ።»

ዝም አልኩ። ጠጠር አወጣሁ። እሳቸውም አወጡ። የሰፌዱ ግማሽ እስኪያልቅ ማናችንም አልተናገርንም።

«ተራዬ እኮ ደርሶ ነበር» አሉ ቀና ሳይሉ። «ቡናው እንደምታዪው ሆነ። ቁርሱ አለ፣ ስኳሩ አለ። ልጁም ሥራ አልያዘለትም፣ ከላከ ቆየ። የሰው እየጠጡ ተራን መዝለል ደግሞ፣ ወላሂ አልችልም።»

በቃ። ይሄው ነበር። ሲኮሩ ያየናቸው ሴትዮ ያፈሩ ሴትዮ ነበሩ። ነጠላው ደግሞ የእህታቸው ነው። አብሽር ማለት እንኳ አቃተኝ፣ የእኔን ወሬ እያሰብኩ።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። ምንም አላለችም። እኔ ግማሽ ኪሎ ቡና ገዝቼ ልውሰድላቸው ስል ግን «ተይ፣ ደግሞ ሌላ ዕዳ ልታሸክሚያት ነው?» አለችኝ። በማግስቱ ቡናውን በጨርቅ ቋጥራ፣ ቆሎውን በሳህን ይዛ፣ እኔንና ሁለቱን ጎረቤቶች አስከትላ እዚያ ቤት ገባች።

«እንዳው ጀበናዬ ተሰንጥቆ ጉድ አደረገኝ» አለች ገና ከበሩ። «ዛሬስ ያንቺው ላይ እናፍላ።»

እትዬ ጀበናቸውን አወጡ፣ ረከቦቱን ዘረጉ፣ ዕጣን አጨሱ። ተራቸውን አፈሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ የሚያፈላው ቤት ጀበናና እሳት ያቀርባል፣ ቡናውን ሁሉም ጭብጥ ጭብጥ ይዞ ይመጣል። ማን እንደጀመረው የሚያስታውስ የለም።

የእናቴ ጀበና ምንም አልሆነም ነበር። ትናንትም እሱው ላይ ነው ያፈላነው።